የሚስት ደመወዝ ምን አጠፋ? ስለ ቤት ሰላም ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። በእኛ ትምህርት ቤት የመምህራን ማረፊያ ክፍልም ጮክ ተብሎ ተነብቧል። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ የሚከተለው ነው። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ራሳቸው እንዳረጋገጡት፣ ሴቶች ለሥራ ከቤት በወጡ ቁጥር ደስታቸው ቀንሷል። ሚስት ከባሏ የበለጠ ስታገኝ ቤት ይናጋል። ወንዱ ደጅ፣ ሴቷ ማጀት ሲሆኑ ቤተሰብ ይበለጽጋል። ይህ ደግሞ ከአባቶቻችን እርሻ የወረስነው የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ገብተው ሳይሰነብቱ መውጣታቸው ይህንኑ ያሳያል። የቤተሰብ ሕጉ መለወጥ ነገሩን አባባሰው። ስለዚህ የወንዱ ደመወዝ ይጨመር፣ ሴቷ ወደ ቤቷ ትመለስ።

እኔ ደሴ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ደመወዟም ከእኔ ይበልጣል። ባልደረቦቼ ይህን ስለሚያውቁ ጽሑፉ ሲነበብ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ያበሳጨኝ ግን እርሱ አይደለም። ጸሐፊው የጠቀሳቸውን ጥናቶች አውቃቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ የሚናገሩት እርሱ ካለው ሌላ ነው፣ አንዳንዶቹም የተገላቢጦሹን ነው። ሰው በጥናት ስም ሲናገር አድማጩ ትጥቁን ይፈታል። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት።

ከደስታው ልጀምር። የተጠቀሰው ጥናት ቤትሲ ስቲቨንሰንና ጀስቲን ዎልፈርስ እ.ኤ.አ. በ2009 ያሳተሙት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1972 ጀምሮ የሕዝብ ናሙና እየተመረጠ፣ ሰዎች በአሁኑ ጊዜ በጣም ደስተኛ፣ ደህና ደስተኛ ወይስ እምብዛም ደስተኛ ያልሆኑ መሆናቸውን ይጠየቃሉ። በ1970ዎቹ ሴቶቹ ከወንዶቹ የተሻለ ደስታ ይናገሩ ነበር፤ በኋላ ያ ብልጫ ጠፋ። እስከዚህ ድረስ ጸሐፊው አልተሳሳተም። ነገር ግን እዚያው ጥናት ውስጥ ያለውን ቀጣዩን ነገር ዘሎታል። ደስታቸው የቀነሰው ከቤት ውጭ የሚሠሩት እናቶች ብቻ አይደሉም፤ ቤት የሚውሉትም እኩል ቀንሶባቸዋል። ያገባችውም፣ የፈታችውም፣ የተማረችውም፣ ያልተማረችውም እንደዚያው። ደስታን የሚሰርቀው ሥራ ቢሆን ኖሮ፣ ማጀቷን ይዛ የቀረችው አሜሪካዊት ደስታዋ ባለበት በቆየ ነበር። የተለየ ነገር የታየው በጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ ነው፤ የእነርሱ ደስታ አልቀነሰም። እነርሱ ደግሞ ከነጮቹ ሴቶች ቀድመው፣ ከትውልድ ትውልድ፣ ከቤት ውጭ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው።

በዚያ ላይ ደስታን በጥያቄ መለካት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። እናቴ ተሁለደሬ ገጠር ውስጥ ትኖራለች። ከዓመታት በፊት አባቴ በሞተ በአርባኛው ቀን «እማ፣ እንዴት ነሽ?» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለችኝ። እህል በሞላበት ዓመትም መልሷ ይኸው ነው። ጎረቤታችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፣ ልጃቸው የተመረቀ ዕለትም፣ ቤታቸው የተቃጠለ ዕለትም። የወሎ እናት ለጥያቄ የምትመልሰው ምስጋናዋን ነው፤ ሆዷን የምታውቀው እርሷ ብቻ ናት። ተስፋዋ የሰፋ ሴት ደግሞ ከትናንቷ የተሻለ እየኖረች «ያን ያህል ደስተኛ አይደለሁም» ልትል ትችላለች፤ አሁን የምትለካው ከእናቷ ጋር ሳይሆን ከወንድሟ ጋር ነውና። ሁለቱ ተመራማሪዎች ራሳቸው ይህን ከሌሎች አማራጮች ጋር አንሥተው አንዱን መርጠው ሳይፈርዱ አልፈዋል። የፈረደው የእኛው ጸሐፊ ነው።

የሴት ሠራተኛን ደስታ ከሰዓት ወደ ሰዓት የመረመረ ሌላ ጥናት አለ። ዳንኤል ካነማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ቴክሳስ ውስጥ 909 ሠራተኛ ሴቶችን ያለፈውን ቀናቸውን ከጧት እስከ ማታ እንዲያስታውሱ አደረጉ። ከሁሉ የከፋ ስሜት የተመዘገበው ጧት ወደ ሥራ በሚጓዙበት ሰዓት ነው። ይህን ሳነብ ባለቤቴ ትዝ አለችኝ። ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ቆማ ሚኒባስ ትጠብቃለች። በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው በሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ሲኖር መኪናው እየተሳበ ይወርዳል፤ ከደሴ ብርድ ወጥታ ኮምቦልቻ ሙቀት ስትደርስ ጋቢዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች። ማታ ቤት ስትገባ የምታማርረው ስለ ሐረጎ ነው። ስለ ሒሳብ መዝገቡ ስታማርር ሰምቻት አላውቅም፤ እንዲያውም ወር ሲዘጋ ሳንቲሟ ሳትጎድል የገጠመችበትን ቀን እንደ ሠርግ ቀን ታወራዋለች። መፍትሔ የሚሻው መንገዱ ሆኖ ሳለ ለምን ሥራዋ ይቀማል?

ወደ ደመወዙ ልምጣ። እዚህ ላይ ቆየት እላለሁ፣ ነገሩ የራሴ ቤት ነውና።

ማሪያን ቤርትራንድ፣ ኤሚር ካሜኒካና ጄሲካ ፓን እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ባለትዳሮች ገቢ ላይ የተሠራ ነው። ሚስት የምታገኘው ከባልና ሚስቱ ገቢ ግማሽ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ በድንገት ይወድቃል፤ ማለትም ከባላቸው ጥቂት የሚበልጡ ሚስቶች፣ ጥቂት ከሚያንሱት ጋር ሲነጻጸሩ በግልጽ ያነሱ ናቸው። ሚስት በምትበልጥበት ቤት ትዳሩ ደስታ የራቀው፣ ለፍቺም የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ጸሐፊው እዚህ ጋ ነጥብ አድርጎ አቆመ። ተመራማሪዎቹ ግን አላቆሙም። ከባሏ በላይ የምታገኘው ሚስት የቤት ሥራም ከሌሎቹ የበለጠ ትሠራለች ይላሉ። እስቲ አስቡት። ቀኑን ሙሉ ሠርታ ብዙውን ገንዘብ ያመጣችው እርሷ፣ ማታ ብዙውን ሰሃን የምታጥበውም እርሷ። ለምን? የባሏን ክብር የነካች እንዳይመስላት ለመካስ። ተመራማሪዎቹ የተመረኮዙት ጆርጅ አከርሎፍና ሬቸል ክራንተን እ.ኤ.አ. በ2000 ያቀረቡትን ሐሳብ ነው፤ ሰው «እኔ ማን ነኝ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ምን ያደርጋል» ለሚለው ሲል በኪሱ ላይ ይፈርዳል የሚለውን። እንግዲህ ቤቱን የሚያናጋው ብሩ ነው ወይስ «ወንድ ልጅ መብለጥ አለበት» የሚለው ልማድ? ጥናቱ ጣቱን የቀሰረው ልማዱ ላይ ነው። ጸሐፊው በሽታውን መድኃኒት አድርጎ አቀረበልን።

ደግሞም የምርምር ነገር አንድ ጽሑፍ ላይ አያበቃም። ናታሊያ ዚኖቪዬቫና ማሪና ትቬርዶስቱፕ እ.ኤ.አ. በ2021 በፊንላንድ መረጃ ያንኑ ድንገተኛ ቁልቁለት መረመሩት። ቁልቁለቱን የፈጠሩት በአብዛኛው አብረው የሚሠሩ፣ አንድ ድርጅት ያላቸው ባልና ሚስቶች ሆነው ተገኙ። እነዚህ ገቢያቸውን እኩል ለእኩል ስለሚካፈሉ ልክ ግማሹ ላይ ይከማቻሉ። እነርሱ ሲወጡ ሚስት በለጠች ብሎ የሚሸሽ ባል ምልክት ብዙም አልቀረም። ይህን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ፦ አንድ ውጤት ስትሰሙ፣ ከእርሱ በኋላ ማን ምን አለ ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አንድሪያስ ኮትሳዳምና ኤስፔን ቪላንገር በኢትዮጵያ 27 ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ እኩል ብቃት ላላቸው አመልካች ሴቶች ሥራው በዕጣ እንዲሰጥ አድርገው ነበር። ደመወዝ ያገኘችው ሴት በቤቷ ይበልጥ ትደበደባለች? ወይስ ትከበራለች? ውጤቱ ሁለቱንም አላሳየም፤ ሥራው በባል ጥቃት ላይ ጉልህ ለውጥ አላመጣም። ሥራ ሴትን ከዱላ ያድናታል ብለን የምናስብ ሰዎችም ከዚህ መማር አለብን። «ደመወዟ ጠብ ይዞ ይገባል» የሚለው ግን በገዛ አገራችን ተፈትኖ አልተገኘም።

አሁን ስለ ቤቴ። የምንኖረው አራት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። በሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በፈረቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። የቧንቧው ድምፅ ሲሰማ የምነሣው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ጧት መንገድ ስላለባት። በርሜሉን እሞላለሁ፣ ከዚያ የልጆቹን ልብስ በሳፋ ዘፍዝፌ አጥባለሁ። የሸሚዝ አንገትጌ በምን እንደሚለቅ፣ ነጭ ካልሲ ከምን ጋር እንደማይዘፈዘፍ ጠንቅቄ አውቃለሁ። አጥቤ፣ ጨምቄ፣ ሳፋውን በር ሥር አስቀምጥና እተኛለሁ። ጧት ከመውጣቷ በፊት ባለቤቴ ወጥታ ታሰጣዋለች። እንዲህ እናድርግ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። እኔ አጥባለሁ፣ እርሷ ታሰጣለች፤ ግቢው የሚያየው የምታሰጣዋን ነው። ይህ ለአምስት ዓመት ያህል ቆይቷል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ሳፋዬን ይዤ በሩን ስከፍት፣ ከማዶ ያሉት ጎረቤቴ ጋሼ በጨለማ ጎንበስ ብለው የሚስታቸውን ነጠላ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ሚስታቸው ወገባቸውን ታመው ነበር። እኔም ደነገጥኩ፣ እርሳቸውም ደነገጡ። የቅሬያችን፣ ማለትም የዕድራችን፣ ዳኛ ናቸው፤ ሠርግም ሆነ ለቅሶ ላይ ስለ ወንድ ልጅ ወግ የሚመክሩን እርሳቸው ናቸው። ትንሽ ዝም ካልን በኋላ «አንተም?» አሉኝ። «እኔም» አልኳቸው። ውኃው እስኪሄድ ድረስ ጎን ለጎን ሆነን አጠብን። ለካ ሁለታችንም የምንደበቀው አንዳችን ከሌላችን ነበር።

ይህን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ሊዮናርዶ በርስቲን፣ አሌሳንድራ ጎንዛሌዝና ዴቪድ ያናጊዛዋ-ድሮት እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ሪያድ ውስጥ 500 ወጣት ባለትዳር ወንዶችን አነጋግሯል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲጠየቅ፣ እጅግ የሚበዙት ሴት ከቤት ውጭ ብትሠራ እንደሚደግፉ ተናገሩ። ጎረቤቶችህስ ምን ይላሉ ሲባሉ ግን፣ አብዛኞቹ የጎረቤቶቻቸውን ድጋፍ ከእውነተኛው በጣም አሳንሰው ገመቱ። ከዚያ ለግማሾቹ እውነተኛው ቁጥር ተነገራቸው። እውነቱን የሰሙት ባሎች ሚስቶቻቸውን ለሥራ ለማስመዝገብ ይበልጥ ፈቀዱ፤ ከወራት በኋላ ሲጠየቁም ሚስቶቻቸው ሥራ በማመልከትና ለቃለ መጠይቅ በመቅረብ ከሌሎቹ በልጠው ተገኙ። ማንም አልሰበካቸውም፤ የተነገራቸው ጎረቤታቸው በልቡ የሚያስበውን ብቻ ነው። በእኛ ቋንቋ ለዚህ ቃል መፈለግ አያሻም፦ ይሉኝታ። እያንዳንዱ ሰው በግሉ የተወውን ልማድ፣ ሁሉም በጋራ የሚያስከብሩት ያህል ሆኖ ይቆማል። የጸሐፊው ጽሑፍም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ የማረፊያ ክፍላችን ወንዶች ሁሉ ሲነበብ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስንቱ ሌሊት ሳፋ እንደሚያወጣ ግን ማን ያውቃል?

የሥራ ክፍፍሉን ክርክር ባጭሩ አልፈዋለሁ። ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የቤተሰብ ኢኮኖሚ ጥናቱ፣ ባልና ሚስት እያንዳንዳቸው በአንድ ነገር ቢካኑ ቤቱ እንደሚጠቀም አሳይቷል፤ በ1992ም ኖቤል ተሸልሟል። ነገር ግን የቤከር ስሌት ፍጹም እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎችም ቢሆኑ መካኑ ያዋጣቸዋል የሚል ነው፤ የግድ ሴቷ ማጀት ትግባ የሚል አይወጣውም። በስሌቱ ውስጥ እምብዛም ቦታ ያላገኘው ደግሞ ክፉ ቀን ነው። እኛ ክፉ ቀን አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነት ውስጥ ሳሉ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን በደብረ ብርሃን ሰው ቤት ተጠግተን ነበር። የእኔ ደመወዝ ተቋርጦ ነበር። የበላነው ባለቤቴ ያጠራቀመችውን ነው። አንድ ምሰሶ ያለው ቤት ምሰሶው ሲነቃነቅ ምን እንደሚሆን ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ስለ እርሻው ግን ዝርዝር ማንሣት እፈልጋለሁ፤ ጸሐፊው «የተፈጥሮ ሥርዓት» ያለው እዚህ ላይ ነውና።

ኤስተር ቦስረፕ የተባለች ዴንማርካዊት እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ነገር አስተዋለች። በዶማና በመቆፈሪያ በሚታረስባቸው አገሮች ሴቷ ማሳ ላይ ትውላለች፤ በሬ ተጠምዶ በሚታረስባቸው ግን ማሳው የወንድ፣ ቤቱ የሴት ይሆናል፤ ሞፈር መጫንና በሬ መግታት የክንድና የትከሻ ጉልበት ይጠይቃልና። አልቤርቶ አለሲና፣ ፓኦላ ጁሊያኖና ናታን ነን እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን በሰፊ መረጃ ፈተኑት። አያቶቻቸው በበሬ ያርሱ የነበሩ ሕዝቦች ዛሬም ሴቶቻቸው ከቤት ውጭ የሚሠሩት አነስ ይላል። ከእነዚህ አገሮች ተሰድደው አውሮፓና አሜሪካ የተወለዱ፣ በሬ በዓይናቸው ያላዩ ልጆችም እንዲሁ። ኢትዮጵያ ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች መካከል በበሬ የማረስ ጥንታዊ ባህል ያላት ናት፤ ስለዚህ ጥናቱ ስለ እኛም ይናገራል። የሚናገረው ግን ልማዱ የመሣሪያ ልጅ መሆኑን ነው። ሞፈር ያመጣው ልማድ ሞፈሩ ከቀረ በኋላም መኖሩን ነው። ደሴ ፒያሳ አስፋልት ላይ ማን በሬ ይጠምዳል?

መሣሪያው በነበረበት ቦታ እንኳ የልማዱን ዋጋ ዓይቻለሁ። አባቴ ሲሞት ታላቄ ሴት ናት፤ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁለት በሬዎች ነበሩን። ሞፈሩ፣ ቀንበሩ፣ ድግሩ፣ ማረሻው ሁሉ ጎጆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። እናቴ ብርቱ ሴት ናት፤ አባቴ በሕይወት እያለ አረሙንም፣ አጨዳውንም፣ ፍግ ተሸክሞ ማሳ ማድረሱንም የምትሠራው እርሷ ነበረች። የፍግ ቅርጫት ተሸክሞ ዳገት መውጣት ሞፈር ከመጨበጥ ይቀላል የሚል ካለ ሁለቱንም ይሞክራቸው። ግን ሴት አታርስም። አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ በሬዎቹን ጠምዳ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ጓሮ ሁለት ትልም ስታወጣ አይቻታለሁ። ትልሙ ቀጥ ያለ ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ፈታቻቸው። በዚያው ሳምንት መሬቱን ለአንድ ዘመዳችን የእኩል ሰጠች። በገዛ በሬዎቻችን፣ በገዛ ዘራችን ታርሶ፣ አውድማ ላይ ጤፉ ለሁለት ሲከፈል ቁና እየቆጠርኩ አጠገቧ ቆሜ ነበር። በየዓመቱ የምርታችን ግማሽ የሄደው ለይሉኝታ ነው። እኔ ትምህርት ቤት እንድቆይ ታላቄ ከስድስተኛ ክፍል አቋረጠች። ጸሐፊው «የተፈጥሮ ሥርዓት» ሲል የማየው ያንን አውድማ ነው።

ፋብሪካዎቹን በተመለከተ፣ ሴቶች ሳይቆዩ ይወጣሉ የተባለው እውነት ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ወደ 1,000 የሚጠጉ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ አመልካቾችን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2018 አሳትመዋል። ሥራውን ካገኙት ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 ከመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ ለቅቀዋል። ታዲያ ወዴት ሄዱ? ወደ ማጀት አይደለም። የፋብሪካው ክፍያ በግል ተሯሩጦ ከሚገኘው የማይበልጥ፣ ሥራውም ለጤና አደገኛ ሆኖ ስላገኙት የተሻለ ሲመጣ ለቀቁ። በዚያው ጥናት ከሥራው ይልቅ 300 ዶላርና የንግድ ሥልጠና የተሰጣቸው በአንድ ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል ልዩነቱ ጠፍቶ ነበር፣ ያም መታወቅ አለበት። እነዚህ ሴቶች ሥራ አልጠሉም፤ የጠሉት መጥፎ ሥራ ነው። ወንድ ከመጥፎ ሥራ ሲለቅ «ወንዶች መሥራት አይፈልጉም» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀበት ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ በየማለዳው ወደዚያ የሚጎርፉትን ልጃገረዶች ያየ ሰው፣ ለወር ቤት ኪራይ አራት ሆነው አንድ ክፍል የሚጋሩትን ያወቀ ሰው፣ ጥያቄው የክፍያ መሆኑን ለመረዳት ጥናትም አያሻው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሣውን፣ እኔ ግን ሳላነሣ የማላልፈውን ነገር ልበል። እኛ ወሎዎች ስንት ልጃገረድ ነው ወደ ጂዳ፣ ወደ ቤሩት፣ ወደ ዱባይ የሸኘነው? በየቤቱ የልጅ ፎቶ ግድግዳ ላይ አለ፤ በተላከው ብር ቆርቆሮ የተለወጠለት ቤት አለ። ስንሸኛት «የሴት ልጅ ቦታ ማጀት ነው» ያለ አባት አላየሁም። ማጀት የገባችው በእርግጥ ነው፤ የሌላ ሰው ማጀት፣ በሰው አገር፣ ፓስፖርቷን ተነጥቃ። እዚሁ ኮምቦልቻ በተከበረ ደመወዝ ብትሠራ ግን ቤት ታፈርሳለች ይባላል። ጸሐፊው ለልጆቻችን ደስታ በእውነት ካዘነ ሐዘኑን ከዚያ ይጀምር።

የሕጉ ጉዳይ ረጅም ወሬ አይጠይቅም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ አንዱ የትዳር ጓደኛ ሌላውን ሥራ እንዳይዝ የመቃወም መብትም ይሰጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀረ፣ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜን ከ15 ወደ 18 ከፍ አደረገ፣ የጋራ ንብረትን ሁለቱ በጋራ እንዲያስተዳድሩ አዘዘ። ክልሎች ሕጉን የተቀበሉት በአንድ ጊዜ አልነበረም፤ አማራ ክልል ከቀደሙት ነው። ሜሪ ሆልዋርድ-ድሪማየርና ኡስማን ጋጂጎ ይህን ልዩነት ተጠቅመው ሲያነጻጽሩ፣ ሕጉ ቀድሞ በደረሰባቸው አካባቢዎች ሴቶች ከቤት ውጭ ወደሚሠራ፣ ይበልጥ ችሎታ ወደሚጠይቅ ሥራ ተሻግረው አገኟቸው። በር ሲከፈትላቸው ወጡ ማለት ነው። «አባባሰው» የሚል ነገር እዚያ ጥናት ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፣ ከልቤም ነው። የምትሠራ እናት ትደክማለች ብሏል። አዎ፣ ትደክማለች። ዴንማርክን በመሰለ አገር እንኳ ሄንሪክ ክሌቨንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ የእናት ገቢ ይወድቃል፤ ከዓመታት በኋላም 20 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ይቀራል። የአባት ገቢ ግን ንቅንቅ አይልም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኖቤል የተሸለመችው ክላውዲያ ጎልዲንም ዕድሜዋን የፈጀችው ይህን በማሳየት ነው፤ ብዙ የሚከፍል ሥራ ያለ ሰዓቱ ሰው ይፈልጋል፣ ልጅም ያለ ሰዓቱ ሰው ይፈልጋል፣ ከሁለቱ አንዱን የምትተወው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ባለቤቴ ሁለተኛዋን ልጃችንን ወልዳ ሥራ ስትመለስ፣ ጡቷ እየፈሰሰ ሐረጎን ስትወጣ ስትወርድ አይቻለሁ። ኮምቦልቻ በነበረችበት ድርጅት ሕፃን የሚቆይበት ክፍል አልነበረም።

ድካሙን የሚያቀልላት ግን ሥራውን መተው ነው ወይስ ሸክሙን መካፈል? የአሠሪና ሠራተኛ ሕጋችን ለምትወልድ ሠራተኛ 120 ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ይህ ተገቢ ነው። ለአባት የሚሰጠው ሦስት ቀን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ ሰው የልጁን ሽንት ጨርቅ እንዴት እንደሚያጥፍ እንኳ አይማርም፤ ገንፎው ሳያልቅ ሥራ ይገባል። ከዚያ በኋላ ስለ ማጀት የሚማረው ሁሉ እንደ እንግዳ ነው። ጸሐፊው የወንዶች ደመወዝ ይጨመር ብሏል፤ እኔም መምህር ነኝና አልቃወምም። ነገር ግን ብዕሩ ጥሩ ነው፣ ሰዉም ያነብለታል። የሚቀጥለውን ጽሑፍ ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት፣ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ስለሚያስፈልጉት የሕፃናት ማቆያዎች ቢጽፍ በማረፊያ ክፍላችን ጮክ ብዬ የማነበው እኔ እሆናለሁ።